ያለ እሳት መጠገን፦ የነዳጅ ቧንቧ ጥገና ከብየዳ ወደ ፋይበር የተሻገረበት ታሪክ

በአፈር ውስጥ ተቀብሮ ነዳጅ ወይም ጋዝ የሚያስተላልፍ የብረት ቧንቧ ሲዝግ፣ ሲጫር ወይም ሲጎደጉድ የመስመሩ ባለቤት ያለው ምርጫ ለረጅም ዘመን ከሦስት አያልፍም ነበር፤ ግፊቱን ቀንሶ መኖር፣ መስመሩን ዘግቶ የተጎዳውን ክፍል ቆርጦ በአዲስ መተካት፣ ወይም በውስጡ ነዳጁ እየፈሰሰ በላዩ ላይ ሌላ ብረት መበየድ። አራተኛው መንገድ፣ ማለትም የተጎዳውን ቦታ ሬዚን (ሲደርቅ የሚጠነክር ሙጫ) በጠጣ የመስታወት ወይም የካርቦን ፋይበር መጠቅለል፣ ሕግ የሚቀበለው የጥገና ዘዴ የሆነው በሃያኛው ክፍለ ዘመን የመጨረሻ ዓመታት ነው። ለሥራው የሚያስፈልጉት ቁሳቁሶች ከዚያ በርካታ አሥርት ዓመታት ቀድመው በፋብሪካ ይመረቱ ስለነበር መዘግየቱ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የዛገ ቧንቧ ምን ያህል አቅም እንደቀረው የሚለካበት ስሌት ገና አልነበረም፤ ብረት ያልሆነ ነገር የብረትን ሸክም ለዓመታት እንደሚችል የሚያሳይ ፈተናም አልነበረም። የዚህ ጥገና ታሪክ በዋናነት የእነዚህ የሁለቱ፣ የስሌቱና የፈተናው ታሪክ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የነዳጅ ቧንቧ መስመር የተጀመረው በአሜሪካ፣ በፔንሲልቬኒያ ግዛት ነው። ኤድዊን ድሬክ በ1859 በታይተስቪል ከተማ አቅራቢያ ጉድጓድ ቆፍሮ ዘይት ካወጣ በኋላ የአካባቢው ድፍድፍ ዘይት በእንጨት በርሜል እየተሞላ በፈረስ ጋሪ ወደ ወንዝና ወደ ባቡር ጣቢያ ይጓጓዝ ነበር፤ ጋሪ ነጂዎቹም ሌላ አማራጭ አለመኖሩን ስለሚያውቁ የሚጠይቁት ዋጋ ከባድ ነበር። ሳሙኤል ቫን ሲክል የተባለ የዘይት ነጋዴ በ1865 ከፒትሆል እስከ ሚለር ፋርም የባቡር ጣቢያ 8 ኪሎሜትር ገደማ የሚረዝም፣ 2 ኢንች ስፋት ያለው የብረት ቧንቧ ዘርግቶ በቀን ወደ 2,000 በርሜል ማስተላለፍ ሲጀምር፣ እንጀራቸው የተነካባቸው ጋሪ ነጂዎች ቧንቧውን እየነቀሉ ስለሰባበሩት መስመሩን በታጠቁ ሰዎች ማስጠበቅ ግድ ሆነ። ነዳጁ ከጅቡቲ ወደብ በቦቴ ለሚመጣለት ኢትዮጵያዊ አንባቢ የጋሪ ነጂዎቹ ስጋት እንግዳ አይሆንበትም። ስለዚህም የነዳጅ ቧንቧ ጠጋኞች በመጀመሪያዎቹ ወራት የተጋፈጡት ጠላት ዝገት ሳይሆን ሰው ነበር።

የዚያ ዘመን ቧንቧ ጫፉ ላይ ጥርስ ወጥቶለት በመገጣጠሚያ እየተጠመዘዘ የሚያያዝ በመሆኑ ደካማው ቦታ መጋጠሚያው ነበር፤ ጥገናም በአብዛኛው የሚያፈስ መጋጠሚያን ማጥበቅ፣ በላዩም በብሎን የሚጠብቅ የብረት ማቀፊያ ማሰር ማለት ነበር። ቧንቧን ከቧንቧ በብየዳ ማያያዝ በሃያኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት በአሲቲሊን ጋዝ ተጀምሮ፣ በኋላም በኤሌክትሪክ አርክ ሲስፋፋ መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ብረት ሆነ፤ በዚህም የመጋጠሚያው ችግር ቀርቶ መስመሮቹ ሰፉ፣ ረዘሙ፣ ግፊታቸውም ከፍ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች በአትላንቲክ ዳርቻ የነዳጅ መርከቦችን ሲያሰጥሙ የአሜሪካ መንግሥት ከቴክሳስ እስከ ምሥራቁ ዳርቻ ያስገነባውና «ቢግ ኢንች» የተባለው መስመር 24 ኢንች ስፋትና ከ2,000 ኪሎሜትር በላይ ርዝመት ነበረው። ይህ መስመር ከጦርነቱ በኋላ ቴክሳስ ኢስተርን ለተባለ ኩባንያ ተሸጦ የተፈጥሮ ጋዝ ማስተላለፊያ ሆኗል፤ ለጦርነት በጥድፊያ የተዘረጋ ብረት ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት እንዲያገለግል መደረጉም የጥገና ጥያቄ እያደር ለምን እንደከበደ ከሚያስረዱት ነገሮች አንዱ ነው።

የተቀበረ ብረት በእርጥብ አፈር ውስጥ መዛጉ አይቀርም። መሐንዲሶች ይህን ለመከላከል ቧንቧውን ከድንጋይ ከሰል በሚገኝ ቅጥራን ወይም በአስፋልት እየሸፈኑ ይቀብሩት ነበር፤ ሽፋኑ በተላጠበት ቦታ ግን ዝገቱ በአንድ ነጥብ ላይ ስለሚያተኩር ከሽፋን አልባ ቧንቧም በፈጠነ ሁኔታ ብረቱን ይበሳው ነበር። ሮበርት ኩን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1928 በኒው ኦርሊንስ አካባቢ ባለ የጋዝ መስመር ላይ የተገበረው የካቶድ መከላከያ፣ ይኸውም ወደ ቧንቧው አነስተኛ የኤሌክትሪክ ጅረት በመላክ ዝገቱ ከቧንቧው ይልቅ በአጠገቡ በተቀበረ ሌላ ብረት ላይ እንዲያርፍ የሚያደርግ ዘዴ፣ የመስመሮችን ዕድሜ በእጅጉ አራዝሟል። ይሁን እንጂ ሽፋኑ ከብረቱ ተላቆ ሳይቀደድ በቀረበት ቦታ ውሃ ከሥሩ ሲገባ ጅረቱ ስለማይደርስ ዝገቱ ይቀጥላል፤ በመሆኑም የመከላከያው መሻሻል ጥገናን አዘገየው እንጂ አላስቀረውም።

ዝገት ለምን አደገኛ እንደሆነ ለመረዳት በቧንቧው ላይ የሚያርፈውን ኃይል ማወቅ ያስፈልጋል። ግፊት ያለው ፈሳሽ ወይም ጋዝ ቧንቧውን ወደ ውጭ ሲገፋው ብረቱ በዙሪያው ይለጠጣል፤ ይህም የዙሪያ ውጥረት ይባላል። የውጥረቱ መጠን ግፊቱን በቧንቧው ስፋት አባዝቶ ለብረቱ ውፍረት እጥፍ በማካፈል ይገኛል። ለምሳሌ 610 ሚሊሜትር ስፋትና 9.5 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ቧንቧ ውስጥ ያለው ግፊት 7 ሜጋፓስካል ቢሆን፣ ይህም ከ70 የከባቢ አየር ግፊት ጥቂት ያነሰ ነው፣ የዙሪያ ውጥረቱ 225 ሜጋፓስካል ገደማ ይሆናል። ለእንዲህ ዓይነት መስመር የሚውል አንድ የተለመደ ብረት ተለጥጦ ወደነበረበት መመለስ የሚያቅተው ወደ 358 ሜጋፓስካል ሲደርስ በመሆኑ ጤነኛው ቧንቧ በቂ ትርፍ አቅም አለው፤ ዝገት ውፍረቱን በግማሽ ከቀነሰው ግን በዚሁ ቀላል ስሌት ውጥረቱ 450 ሜጋፓስካል ይደርሳል። በቧንቧው ርዝመት የሚያርፈው ውጥረት ከዙሪያው በግማሽ ያህል የሚያንስ መሆኑም መታወስ አለበት፤ ቧንቧ ሲፈነዳ በርዝመቱ የሚሰነጠቀው፣ በኋላ የመጣው ፋይበርም በዙሪያው የሚጠቀለለው በዚህ ምክንያት ነው።

የቀድሞው ጠጋኝ ይህን የሳሳ ቦታ የሚያድነው በብየዳ ነበር። የተጎዳውን ክፍል ቆርጦ መተካት አስተማማኝ ቢሆንም መስመሩን መዝጋት፣ በሁለት ቫልቮች መካከል ያለውን ጋዝ ወደ አየር መልቀቅና ደንበኞችን ያለ አገልግሎት ማቆየት ስለሚጠይቅ ወጪው ከባድ ነው። ስለዚህ የተለመደው አማራጭ ስሊቭ የሚባለው ነበር፤ ይህም ለሁለት የተከፈለ፣ ቧንቧውን ግራና ቀኝ አቅፎ በርዝመቱ እርስ በርሱ የሚበየድ የብረት ቅርፊት ነው። ስሊቭ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዳርቻዎቹ ከቧንቧው ጋር ሳይበየዱ የሳሳውን ቦታ አቅፎ ብቻ የሚደግፍ ሲሆን፣ ሁለተኛው ዳርቻዎቹ ጭምር ከቧንቧው ጋር ተበይደው ቧንቧው ቢበሳ እንኳ ግፊቱን ራሱ የሚይዝ ነው።

ዳርቻውን መበየድ የዚህ ሙያ ከባዱ ፈተና ነው። የብረቱ ውፍረት ከ6.4 ሚሊሜትር በታች ከሆነና የአርኩ ሙቀት ከበዛ ከሥሩ ያለው ብረት ለስልሶ በውስጥ ግፊት ሊበሳ ይችላል፤ በያጁም ፊት ለፊቱ የሚገጥመው የሚነድ ጋዝ ነው። ይህን ለማስወገድ ሙቀቱ ሲቀነስ ወይም ውስጡ ያለው ነዳጅ በፍጥነት ሲፈስ ደግሞ ሌላ አደጋ ይመጣል፤ የሚፈሰው ነዳጅ ሙቀቱን ወዲያው ስለሚወስደው ብየዳው በድንገት ቀዝቅዞ እየጠነከረ ተሰባሪ ይሆናል፣ ከኤሌክትሮዱ ልባስ እርጥበት የመጣ ሃይድሮጂንም በውስጡ ታምቆ ከሰዓታት በኋላ ስንጥቅ ይፈጥራል። ፍሰቱ ሲዘገይ ቧንቧው የመበሳት፣ ሲፈጥን የመሰንጠቅ አደጋ አለበት ማለት ነው። ሃይድሮጂናቸው ዝቅተኛ የሆኑ ኤሌክትሮዶችና ጥንቃቄ የተሞላባቸው የብየዳ ሥርዓቶች አደጋውን ቀንሰውታል፤ እነዚህን ሥርዓቶች የሚያውቅና በጉድጓድ ውስጥ ተጋድሞ በሚሠራበት ቧንቧ ላይ እጁ የማይንቀጠቀጥ በያጅ ማግኘት ግን ሁልጊዜ ውድ ነበር። የእንግሊዝ ጋዝ ድርጅት የሠራው አንድ ዘዴ በዚህ መካከል ሊጠቀስ ይገባዋል፤ ሁለት የብረት ቅርፊቶችን ከቧንቧው ትንሽ አርቆ በመግጠም በመሐል ያለውን ክፍተት በኢፖክሲ ማጣበቂያ ይሞላ ስለነበር ቧንቧው ራሱ ምንም ብየዳ አይነካውም ነበር። ብረቱ እንዳለ ቢሆንም ሸክሙን ከቧንቧው ወደ ቅርፊቱ የሚያሻግረው ማጣበቂያ መሆኑ ለኋለኛው ሐሳብ መንገድ ከፋች ነው።

ጥገናን ከልምድ ሙያ ወደ ስሌት ያሻገረው ግን አደጋ ነው። መጋቢት 4 ቀን 1965 በሉዊዚያና ግዛት በናኪቶሽ ከተማ አቅራቢያ አንድ የጋዝ መስመር ፈንድቶ 17 ሰዎች ሞቱ፤ መንስኤውም ውጥረትና ዝገት ተጋግዘው የሚፈጥሩት ስንጥቅ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1968 የአሜሪካ ምክር ቤት የጋዝ መስመሮችን ደኅንነት በፌዴራል ሕግ ሥር አዋለ። አዲሶቹ ደንቦች በከፍተኛ ውጥረት የሚሠራ መስመር ከተጎዳ ግፊቱ እስካልተቀነሰ ድረስ የተጎዳው ክፍል በአዲስ እንዲተካ ወይም ዙሪያውን በሚያቅፍ የተበየደ የብረት ስሊቭ እንዲጠገን አዘዙ። ደንብ አውጪዎቹ በዚያን ጊዜ በተግባር የተፈተነውን ብቻ መጻፋቸው ነበር፤ ሆኖም የጥገናውን ውጤት በመደንገግ ፈንታ መሣሪያውን መደንገጋቸው ለሠላሳ ዓመታት ገደማ ሌላ ሐሳብ እንዳይገባ በር ዘግቷል ማለት ይቻላል።

በእነዚሁ ዓመታት በኦሃዮ ግዛት ኮሎምበስ ከተማ የሚገኘው የባተል ተቋም ተመራማሪዎች ለአሜሪካ ጋዝ ማኅበር ከአገልግሎት የወጡ የዛጉ ቧንቧዎችን እየሰበሰቡ ውሃ ሞልተው እስኪፈነዱ ድረስ በግፊት ይፈትኑ ነበር። ከዚህ ሥራ የተገኘው ዋና ትምህርት የዝገት ጉድጓድ አደገኛነት በጥልቀቱ ብቻ ሳይሆን በርዝመቱም እንደሚወሰን ነው፤ ጉድጓዱ አጭር ከሆነ በዙሪያው ያለው ጤነኛ ብረት ሸክሙን ስለሚጋራው ቧንቧው ከላይ በቀላሉ ከተሰላው በላይ ይችላል፣ ረጅም ከሆነ ግን አጋዥ አያገኝም። ስሌቱ በ1984 «ቢ31ጂ» በሚል መጠሪያ በአሜሪካ የሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር መመሪያ ሆኖ ታተመ። ከዚያ ወዲህ መሐንዲስ ጉድጓዱን በሜዳ ላይ ለክቶ «ይህ ይቆያል፣ ይህ ይጠገናል» ብሎ በቁጥር መናገር ቻለ።

ጉድጓዶቹን የሚያገኘው መሣሪያም በዚሁ ዘመን ተወለደ። በቧንቧው ውስጥ በነዳጁ ግፊት እየተገፋ የሚጓዝና ፒግ የሚባል መሣሪያ ቀድሞ ለጽዳት ብቻ ያገለግል ነበር፤ በ1965 ቱቦስኮፕ የተባለ ኩባንያ ብረቱን እያመገነተ የሚፈስ የመግነጢስ መስክ ሲረበሽ የሚመዘግብ ፒግ አቀረበ። የመጀመሪያው መሣሪያ የሚያየው የቧንቧውን የታችኛውን ሩብ ዙሪያ ብቻ ነበር፤ በ1970ዎቹ በእንግሊዝ የተሠሩት ግን ሙሉ ዙሪያውን በተሻለ ጥራት ያነቡ ነበር። ውጤቱ ለመስመር ባለቤቶች የሚያስደስት አልነበረም፤ ቀድሞ የማይታወቁ ጉድጓዶች በአንድ ጉዞ በመቶዎችና በሺዎች ተቆጥረው ይቀርቡላቸው ጀመር። ለእያንዳንዱ መስመር መዝጋት ወይም በያጅ ማሰለፍ የማይታሰብ በመሆኑ ርካሽና ያለ እሳት የሚሠራ ጥገና የተፈለገው ያን ጊዜ ነው።

ቁሳቁሱ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ነበር። ኮምፖዚት ማለት ባሕርያቸው የተለያየ ሁለት ነገሮች ተዋሕደው እያንዳንዱ ለብቻው የማይችለውን እንዲሠሩ የተደረገበት ቁስ ነው። ግድግዳ የሚመርግ የገጠር ሰው ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር የሚያቦካው ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ጭዱ እንዲይዘው ሲሆን፣ በኮምፖዚትም ፋይበሩ መለጠጥን ሲሸከም ሬዚኑ ፋይበሮቹን አያይዞ ሸክሙን ያከፋፍላቸዋል። ኦወንስ ኮርኒንግ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፋይበር ግላስን በ1930ዎቹ በስፋት ማምረት ጀመረ፤ ፖሊስተርና ኢፖክሲ ሬዚኖችም የመጡት በዚያው ዘመን አካባቢ ነው። ጠንካራው የካርቦን ፋይበር በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ በአሜሪካ፣ በጃፓንና በእንግሊዝ ተሠራ። ጀልባ፣ የአውሮፕላን ክፍልና የኬሚካል ጋን ከእነዚህ ሲሠራ የቆየ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2012 ጀምሮ የሚያበረው ቦይንግ 787 ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ኮምፖዚት ነው። የነዳጅ ቧንቧ ሰዎች ግን በብረት ያደጉ በመሆናቸው ሬዚንን የሚያውቁት በሽፋን ቀለምነት እንጂ በሸክም ተሸካሚነት አልነበረም።

ለውጡን ያመጣው ሰው ወደ ጥገና የገባው በሌላ በር ነው። ኖርማን ፋውሊ የተባለ የካሊፎርኒያ መሐንዲስ በ1980ዎቹ ያሳስበው የነበረው የጋዝ መስመር አንዴ ሲሰነጠቅ ስንጥቁ በቧንቧው ርዝመት ለረጅም ርቀት የሚሮጥበት ሁኔታ ነበር፤ ይህን ለማገድ በየተወሰነው ርቀት ቧንቧውን በፋይበር ግላስ ጥቅል ማሰር ይቻላል ብሎ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። የሚሮጥን ስንጥቅ የሚያቆም ጥቅል የሳሳ ቧንቧን ሊደግፍ መቻሉ ከዚያ በኋላ የመጣ ሐሳብ ነው፤ የአሜሪካ ጋዝ ምርምር ተቋም በገንዘብና በፈተና ደግፎት በዓመታት ውስጥ «ክሎክ ስፕሪንግ» በሚል ስም ለገበያ ቀረበ።

ጥቅሉ በፋብሪካ ከመስታወት ፋይበርና ከፖሊስተር ሬዚን የሚሠራ፣ 30 ሳንቲሜትር ገደማ ስፋት ያለው፣ ሬዚኑ ቀድሞ የደረቀ ረጅም ሰቅ ነው፤ ሲሠራ ተጠቅልሎ ስለሚደርቅ ሲፈታም ወደ ጥቅልነቱ መመለስ ይፈልጋል፣ በዚህም ቧንቧውን በራሱ ኃይል ያቅፋል። ሠራተኞች ጉድጓዱን ቆፍረው ቧንቧውን ካጋለጡ በኋላ የቀድሞውን ሽፋን ይልጡታል፣ ብረቱንም በግፊት በሚረጭ ብናኝ እስኪነጣ ያጸዱታል። የዝገቱን ጉድጓድ በጠንካራ ስቱኮ ይሞሉታል፤ ከዚያም በእያንዳንዱ ዙር መካከል ማጣበቂያ እየቀቡ ሰቁን 8 ጊዜ ያዞሩታል። ማጣበቂያው በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ሲደርቅ ጉድጓዱ ተመልሶ ሊሸፈንና ሊቀበር ይችላል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ነዳጁ ይፈሳል፤ ግፊቱ ብቻ ለጥንቃቄ ዝቅ ይደረጋል። ዘዴው ከብረቱ ውፍረት እስከ 80 በመቶ የበላ የውጭ ዝገትን ለመጠገን ይውላል።

ከሥራው ሁሉ ሰው በቀላሉ የሚንቀው ስቱኮው ነው፤ ዋናው ግን እሱ ነው ቢባል ስሕተት የለውም። የዛገው ቦታ በግፊት ወደ ውጭ ሊያብጥ ሲሞክር ከፊቱ ባዶ ቦታ ካገኘ ጥቅሉ ሸክም ከመጀመሩ በፊት ብረቱ ይሰነጠቃል፤ ጉድጓዱ በማይጨመቅ ነገር ከተሞላ ግን እብጠቱ ወዲያው ወደ ፋይበሩ ይተላለፋል። ሌላው ነገር ግትርነት ነው፤ ግትርነት ማለት አንድ ቁስ በተወሰነ ኃይል ሲሳብ ምን ያህል ሳይለጠጥ እንደሚቆይ ማለት ሲሆን፣ ብረት ከመስታወት ኮምፖዚት ብዙ እጥፍ ግትር ነው። ፋይበሩ የራሱን ድርሻ ለመሸከም ከብረቱ የበለጠ መለጠጥ ስላለበት ወፍሮ መጠቅለል ይኖርበታል፣ ጥገናውም ዝቅ ባለ ግፊት ቢሠራ ይመረጣል፤ ግፊቱ ሲመለስ ያን ጊዜ የሚጨመረውን ሸክም ጥቅሉ ከመጀመሪያው ይካፈለዋል።

ቴክኒኩ ተገኝቶም ሕጉ ብረትን ብቻ ያውቅ ነበር። የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በ1993 ፓንሃንድል ኢስተርን ለተባለው ኩባንያ በኦሃዮ ግዛት ባለ አንድ መስመሩ ላይ ጥቅሉን እንዲሞክር ከደንቡ ውጭ ልዩ ፈቃድ ሰጠ፤ ይህ ኩባንያ ከአራት ዓመት በፊት የ«ቢግ ኢንች» ባለቤት የነበረውን ቴክሳስ ኢስተርንን የገዛው ነው። በ1995 ተመሳሳይ ፈቃድ ለሌሎች በርካታ የጋዝ ኩባንያዎች ተሰጠ። በታኅሣሥ 1999 የወጣው አዲስ ደንብ ደግሞ የአንድን ምርት ስም ሳይጠራ፣ የቧንቧውን አገልግሎት በዘላቂነት እንደሚመልስ በአስተማማኝ የምህንድስና ፈተናና ትንተና የተረጋገጠ ማንኛውም ዘዴ እንዲፈቀድ ወሰነ። ከ1968ቱ ሕግ በኋላ የወጣው ደንብ መሣሪያውን ሲጠራ ይህኛው ውጤቱን ጠራ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከፋይበሩ ግኝት የበለጠ ክብደት ሊሰጠው የሚገባው ይህ የአስተሳሰብ ለውጥ ነው።

በሩ ሲከፈት ተወዳዳሪዎች ተከተሉ። በፋብሪካ የደረቀ ሰቅ ቀጥ ላለ ቧንቧ እንጂ ለክርን፣ ለቅርንጫፍና ለፍላንጅ አካባቢ ስለማይመች፣ ጨርቁን በቦታው ሬዚን አጠጥቶ እርጥቡን የመጠቅለል ዘዴ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ተስፋፋ። አንዳንዱ በኢፖክሲ፣ አንዳንዱም ውሃ ሲነካው በሚደርቅ ሬዚን ይሠራል። ግትርነቱ ከመስታወት የሚበልጠው የካርቦን ፋይበርም ገባ፤ ይሁንና ካርቦን ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ከብረት ጋር በቀጥታ ከተነካካ ራሱ ዝገት ሊያባብስ ይችላል፤ ስለዚህ በመጀመሪያ የመስታወት ጨርቅ ይነጠፍለታል። እሳት እጅግ በሚፈራባቸው የሰሜን ባሕር የነዳጅ መድረኮች ላይ የብየዳ ሥራ ፈቃድ ማግኘት ራሱ ምርትን ማቆም ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ጥቅሉ በዚያ ገበያ አገኘ። የአሜሪካ የሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ይህን ጥገና ያካተተ የመጀመሪያ መመሪያውን፣ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ደግሞ «አይኤስኦ 24817» የተባለውን የቴክኒክ ሰነድ በ2006 አወጡ። ሁለቱም የጥቅሉ ውፍረት በሽያጭ ሠራተኛ ግምት ሳይሆን በስሌት እንዲወሰን፣ የጫኚው ሠራተኛ ችሎታም በፈተና እንዲረጋገጥ ይጠይቃሉ።

ይህ ጥያቄ ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ አልነበረም። ክሪስ አሌክሳንደር የተባለ የቴክሳስ መሐንዲስና ባልደረቦቹ ከውፍረቱ 75 በመቶ የተሸረሸረ ቧንቧ በተለያዩ አምራቾች ጥቅል አስጠግነው ግፊቱን ከፍና ዝቅ በማድረግ ሲፈትኑት፣ በጣም ደካማው ከ20,000 ዙር በታች ሲፈነዳ ከጠንካሮቹ አንዳንዱ ከ500,000 ዙር በላይ ቆይቷል። ሁሉም በገበያ ላይ አንድ ዓይነት ተስፋ የሚሰጡ ምርቶች ነበሩ። የጋዝ መስመር ግፊቱ ብዙም ስለማይዋዥቅ ልዩነቱ ላይታወቅ ይችላል፤ ፓምፖች በሚነሱና በሚቆሙበት የፈሳሽ ነዳጅ መስመር ላይ ግን ወሳኝ ነው። በ2000ዎቹ መጨረሻ ዓለም አቀፉ የቧንቧ ምርምር ምክር ቤት ደግሞ 40፣ 60 እና 75 በመቶ የተሸረሸሩ ናሙናዎችን አስጠግኖ በቴክሳስ አፈር ውስጥ በማስቀበር በየጥቂት ዓመቱ እያስወጣ የሚያስፈነዳበትን የአሥር ዓመት ፈተና ጀመረ፤ የመስታወት ፋይበር በማያቋርጥ ሸክም ሥር በዓመታት ውስጥ እየደከመ የሚሄድ በመሆኑ በአንድ ቀን ፍንዳታ ብቻ መፍረድ አይቻልም።

ጥቅሉ የማይችለውም አለ። ዝገቱ ከውስጥ ከሆነ መጠቅለሉ ሥራውን አያቆመውም፤ በነሐሴ 2000 በኒው ሜክሲኮ ግዛት በካርልስባድ አቅራቢያ ከወንዝ ዳር ሰፍረው የነበሩ 12 ሰዎችን የገደለው የጋዝ መስመር ፍንዳታ ከውስጥ ዝገት የመጣ ነበር። ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዳት ጥቅል ቢደረግ እንኳ ዝገቱ ወደፊት የሚበላው ብረት ታስቦ ዕድሜው የሚገደብ መሆን አለበት። ስንጥቅም ሌላ ነገር ነው፤ ስንጥቁን በመፍጫ ማስወገድ ካልተቻለ ብዙ ኩባንያዎች አሁንም ወደ ተበየደው ስሊቭ ይመለሳሉ። የሚያፈስ ቧንቧም ፍሰቱ ሳይቆም ሬዚን አይጣበቅበትም። ሙቀቱ ከፍ ባለ መስመር ላይ ደግሞ ሬዚኑ የሚለሰልስበት የሙቀት ልክ ስላለ ለዚያ መስመር የተፈተነ ሬዚን ካልተመረጠ ጥቅሉ በዝምታ ይለቃል።

ከሁሉም በላይ የጥገናው ጥራት በጉድጓዱ ውስጥ ባለው ሠራተኛ እጅ ላይ ነው። ብየዳ ከተጠናቀቀ በኋላ በድምፅ ሞገድ ወይም በጨረር ሊመረመር ይችላል፤ በደንብ ያልጸዳ ብረት ላይ የተለጠፈ ጥቅል ግን ከላይ ሲታይ በደንብ ከተሠራው አይለይም፣ በዙሮቹ መካከል ማጣበቂያ መጉደሉንም በኋላ ማወቅ ከባድ ነው። ፒጉም አይረዳም፤ መግነጢስ ብረትን እንጂ ፋይበርን ስለማያይ ቀጥሎ የሚያልፈው መሣሪያ የሚያሳየው ያንኑ የድሮውን የዝገት ጉድጓድ ነው። ስለዚህ በጥቅሉ ዳርና ዳር ቀጭን የብረት ቀበቶ ማሰር ልማድ ሆኗል፤ ፒጉ ቀበቶዎቹን ሲመዘግብ ቦታው የተጠገነ መሆኑ ይታወቃል። ቀበቶው ካልታሰረና ጥገናው በመስመሩ መዝገብ ካልሰፈረ ግን ቆፋሪዎቹ ከዓመታት በፊት የተጠገነውን ቧንቧ እንደ አዲስ ጉዳት ቆጥረው እንደገና ሊያወጡት ይችላሉ።